«ትንሹ ይበቃኛል» ብዬ ስለፈረምሁበት ተሽከርካሪ

ቀን፦ የካቲት 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለደጋ ሰብሎች ዘር ብዜት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ለኃላፊዋ ለክብርት ወ/ሮ እመቤት ፈንታሁን
ደብረ ታቦር

አመልካች፦ ቢያድግልኝ ሙላቴ፣ የጅባራ ሜዳ ዘር ማባዣ ጣቢያ ተጠሪ

ጉዳዩ፦ ጥር 23 ቀን በቃለ ጉባኤ የተያዘው የተሽከርካሪ ምርጫዬ እንዲለወጥልኝና በዚሁ ምክንያት ክፍቱ የሥራ መደብ እንዳይሰረዝ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ በጽሕፈት ቤቱ ላሉት ሁሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ይህን አቤቱታ የማቀርበው ማንንም ለመክሰስ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ እለምናለሁ። የሚከሰስ ሰው ካለ እኔው ነኝ። አቤት የምለው በራሴ አፍ በተናገርሁትና በራሴ እጅ በፈረምሁት ነገር ላይ ነው። እንዲህ ያለ አቤቱታ ከዚህ በፊት ለመዝገብ ቤት ቀርቦ ያውቅ እንደሆነ አላውቅም፤ ካልቀረበ የመጀመሪያው ይሁን።

1. እኔ አመልካች በጉና ተራራ ጥግ በሚገኘው በጅባራ ሜዳ የዘር ድንችና የዘር ገብስ ማባዣ ጣቢያ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በማገልገል ላይ እገኛለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው። ባለቤቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗል፤ ልጅ አላፈራንም። ጣቢያው ከአስፋልቱ የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ሲሆን፣ በእርከን የተሠራ አሥራ አራት ሄክታር ማሳ፣ አንድ የዘር መጋዘንና ሁለት ክፍል ያለው አንድ የሠራተኛ ቤት አለው። ክፍሎቹ ሁለት የሆኑት ሠራተኞቹ ሁለት እንዲሆኑ ታስቦ ነው። ከ1995 እስከ 2006 ዓ.ም. በዘር ጥራት ረዳትነት አብሮኝ የሠራው አቶ ተስፋነህ ሞላ፣ ልጆቹ ለትምህርት ስለደረሱ ወደ ወረታ ተዛወረ። ትክክል አደረገ፤ እኔም ብሆን እንዲያ አደርግ ነበር። ሲሄድ «ግፋ ቢል ሁለት ወር ነው፤ ምትክ ይልካሉ» ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አምስት ክረምት አልፏል።

2. ባለፈው ታኅሣሥ አንድ የልማት ፕሮጀክት ለጣቢያችን ተሽከርካሪ ሊለግስ ፈቃደኛ ሆኖ፣ ከሁለት ዓይነት አንዱን እንድንመርጥ ጠየቀ። በወረቀቱ ላይ ምርጫ ሀ የተባለው ባለ አራት ጎማ ሞተር ነው። እንደ በቅሎ እግርን ከፍተው ይቀመጡበታል፣ እንደ ሞተር ሳይክል በእጀታ ይነዱታል፤ የሚይዘው አንድ ሰው ሲሆን ከፊቱና ከኋላው ባለው ብረት ላይ ጥቂት ዕቃ ይታሰርበታል። ምርጫ ለ የተባለችው አነስተኛ የእርሻ መኪና ናት። መሪ አላት፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ታስቀምጣለች፤ ብትገለበጥ ሰው እንዳይጨፈለቅ ከላይዋ የብረት ቅስት ተሠርቶላታል፤ ከኋላዋ እስከ አራት ኩንታል የሚጫንበት ክፍት ሳጥን አላት። ሁለቱም ጥር 22 ቀን ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ለሙከራ ቀርበው፣ እኔም በጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ መጋዘኑን ለሁለት ቀን አሽጌ ወርጄ ሁለቱንም ነድቻለሁ። ባለ አራት ጎማውን ስነዳ ወጣቶቹ አጨበጨቡልኝ፤ መኪናዋን ስነዳ አጥር ነካሁ። የአጥሩን እንጨት በማግስቱ ጠዋት መልሼ ተክያለሁ።

3. በማግስቱ ጥር 23 ቀን በተደረገው ስብሰባ ሰባት ሰዎች ተገኝተናል። እኔ ከስድስት ሰው ጋር በአንድ ክፍል ከተቀመጥሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ስለነበር፣ ሁሉም ወደ እኔ ሲዞሩ ዓይኔን የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ። እርስዎም በአክብሮት «አቶ ቢያድግልኝ፣ ሥራው የእርስዎ ነው፤ ለእርስዎ የትኛው ይሻላል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ለእኔማ ምን ያንሰኛል፤ ትንሹ ይበቃኛል» አልሁ።

ክብርት ሆይ፤ እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎትና የዚህ አነጋገር ነገር አይጠፋዎትም። በእኛ ዘንድ ሰው «ብላ» ስለተባለ ዘሎ አይበላም። «ጠግቤያለሁ» ይላል። ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል። እንግዳው «ኧረ በቃኝ» ይላል። ባለቤቱ «አፈር ስሆን» ሲል ያን ጊዜ እጁን ይሰዳል። እኔም የመጀመሪያውን «በቃኝ» ብዬ የእናንተን «በሞቴ» ስጠብቅ ነበር። «የለም፣ እንዲያማ አይሆንም፤ ዳገቱንም ጭነቱንም እናውቀዋለን፤ መኪናዋን ይውሰዱ» የሚል ሰው አይጠፋም ብዬ ነበር። ቃለ ጉባኤ የያዙት አቶ ንብረት «እናመሰግናለን» ብለው ጻፉና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገሩ። አቶ ንብረት ትጉህ ወጣት ናቸው፤ የሰሙትን ጻፉ፤ በዚህ አይወቀሱም። ሻይ ሲታደልም «እኔን ይለፈኝ» ብዬ በዚሁ መንገድ አለፈኝ። ያን ቀን ደግሞ ቁርስ ሳልቀምስ ነበር የመጣሁት።

ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ሲዞር መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርሁም። በሰው ፊት ቃሉን የሚያጥፍ ሰው መምሰል አሳፈረኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ብዬ ፈረምሁ። ወደ ጣቢያው ስመለስ መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ተጣልቼ ሄድሁ። ቤት ስደርስ ግን ለአንድ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል ብዬ ነገሩን ልረሳው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

4. ልረሳው ያልቻልሁት የካቲት 9 ቀን የቃለ ጉባኤው ግልባጭ ሲደርሰኝ ነው። በተራ ቁጥር 4 ላይ እንዲህ የሚል ውሳኔ አገኘሁ፦ «የጅባራ ሜዳ ጣቢያ በአንድ ሰው ብቻ ሊንቀሳቀስ የሚችል መሆኑን የጣቢያው ተጠሪ አንድ ሰው የሚይዝ ተሽከርካሪ እንደሚበቃው በመግለጽ ስላረጋገጠ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት የሆነው የዘር ጥራት ረዳት መደብ እንዲሰረዝ የውሳኔ ሐሳቡ በየካቲት መጨረሻ ለበላይ አካል ይላክ።»

በቤት ውስጥ ጨልሞብኝ ይሆናል ብዬ ወረቀቱን ወደ ደጅ ይዤ ወጥቼ እንደገና አነበብሁት። ያው ነው። በስብሰባው ላይ ስለ መደቡ አንዳች ነገር አልሰማሁም፤ ወይም ተነሥቶ እኔ ስለ መኪናዋ ሳወጣ ሳወርድ አምልጦኝ ይሆናል። አንድ ወንበር የመረጥሁ መስሎኝ አንድ ሰው ሠርዣለሁ። እስከ ዛሬ መደቡ ክፍት ነበር፤ ክፍት ነገር ደግሞ አንድ ቀን የሚገባበት ይገኛል ተብሎ ይጠበቃል። ከተሰረዘ በኋላ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም። ጡረታ ልወጣ ስድስት ዓመት ይቀረኛል። ስድስቱንም ዓመት እንዲሁ ለብቻዬ እንደምኖር ራሴ የፈረምሁበት ወረቀት እየነገረኝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ በወጉ አልተኛሁም።

5. ጉዳዩ በስሜት ብቻ የቀረበ እንዳይመስል የሁለቱን ተሽከርካሪ ጥቅምና ጉዳት ሳላዳላ እገልጻለሁ። ባለ አራት ጎማው ሞተር መልካም ነገር አለው። ስፋቱ አንድ ሜትር ከሃያ ስለሆነ በእርከኖቹ መካከል ባለው ቀጭን መንገድ እንደ ልብ ያልፋል፣ በጠባብ ቦታ ይዞራል፣ ነዳጅ አያበዛም፣ ጭቃም በቀላሉ አይዘውም። ከላይ ማሳ እስከ ታች ማሳ በእግር አርባ ደቂቃ የሚፈጀውን በሩብ ሰዓት ያደርሳል። ሥራው ማሳ ዞሮ ማየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእሱ የሚሻል አልነበረም።

ነገር ግን የዘር ድንች ቆዳው ከተላጠ ይበሰብሳልና በጆንያ አይደለም የሚጓዘው፣ በእንጨት ሳጥን ነው። በሞተሩ ብረት ላይ የሚታሰረው ከሁለት ሳጥን አይበልጥም፤ እሱም በየድንጋዩ ሲናጥ ይወርዳል። በመኪናዋ ላይ ስምንት ሳጥን ተደርድሮ በእርጋታ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ በጎን ዳገት ላይ ሲሄድ ነጂው ሰውነቱን ወደ ዳገቱ ማዘንበል አለበት፤ ካላዘነበለ ይገለብጠዋል፤ ጭነት ካለበት ደግሞ ቢያዘነብልም ላይበቃ ይችላል። ይህን ያስረዱን ለማሳየት የመጡት ባለሙያ ራሳቸው ናቸው። ሦስተኛ፣ የማሳ ምርመራ ማለት እያንዳንዱን መስመር እየተከተሉ የታመመውን ተክል ለይቶ ምልክት ማድረግና መመዝገብ ነው። በሞተር ላይ ያለ ሰው ዓይኑ መንገዱን ካየ መስመሩን አያይም፤ መስመሩን ካየ ገደል ይገባል። በመኪናዋ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ያያል፣ ይጽፋል። ይህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሁለት ሰው ሥራ ነው።

አራተኛውን ምክንያት ለብቻው ባቀርበው ይሻላል።

6. በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የመድኃኒት መርጫውን በጀርባዬ አዝዬ ወደ ታች ማሳ ስወርድ ጭቃው አንሸራቶኝ ወደቅሁ። ቀኝ ጉልበቴ ዞረ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ተነሥቼ ለመቆም ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። ስልክ በእኛ አካባቢ የሚሠራው ከመጋዘኑ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው፤ ቋጥኙ ደግሞ ከእኔ በብዙ ይርቃል። ጮህሁ። መጀመሪያ «ኧረ ሰው!» እያልሁ ጮህሁ፤ በኋላ የማውቀውን ሰው ስም መጥራት ጀመርሁ፤ ስም ሲያልቅብኝ ዝም አልሁ። ስሙ ቶሎ ማለቁ ከጉልበቴ ይልቅ አሳመመኝ። ዝናቡ ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሁለት ጊዜ ሄደ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያገኙኝ ወ/ሮ ብዙነሽ የሚባሉ፣ አስፋልቱ ዳር ካለው ከታችኛው መንደር ገብስ በአህያ ጭነው ሲመለሱ የነበሩ ሴት ናቸው። እዚህ ላይ መሰወር የሌለበት ነገር አለ። ጣቢያው የተከለለ መሬት ስለሆነ ከብት የገባ እንደሆነ የማስረው እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የእኒህኑ ሴት ሁለት ጊደሮች ሦስት ቀን አስሬባቸው ነበር። እንዳዩኝ በላዬ ቆመው «ጊደሮቼን ያሰርህ ጊዜ በልቤ ረግሜህ ነበር፤ ግን ይህን ያህልስ አላልሁም» አሉኝ። ከዚያ ጭነቱን ከአህያዋ አራግፈው እኔን ጫኑኝ። ገብሱ በዝናብ ላይ ቀረ።

ወደ ቤት ሲያደርሱኝ እሳት አቀጣጠሉ፤ በጓዳ ያለውን አይተው «ለመሆኑ ማን አለህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላስብ «ጽሕፈት ቤቱ አለ» አልኋቸው። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ለማልቀስ ምንም አልቀረኝም ነበር። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ስለወለደች አልመጡም፤ እኔም ከዚያ በኋላ ተሻለኝ።

ወ/ሮ ብዙነሽ ጉልበቴን ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወርጄ ሰባት ቀን እንድነከርበት አጥብቀው መክረውኝ ነበር። የዓመት ፈቃድ ጠየቅሁ። በደንቡ መሠረት ፈቃድ የሚወጣ ሠራተኛ የመጋዘኑን ቁልፍ ለባልደረባው በፊርማ ማስረከብ አለበት። ባልደረባ ስለሌለኝ ፈቃዱ ተፈቅዶ ሳለ ሳልወጣ ቀረሁ። ጉልበቴ ዛሬም በወጉ አይታጠፍም። እግር ተከፍቶ በሚቀመጡበት ነገር ላይ ረጅም ሰዓት መዋል እንደማልችል የታወቀኝ ጥር 22 ቀን እየተጨበጨበልኝ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ለጭብጨባው ብዬ ዋጥሁት። ከሁሉ በላይ ግን፣ ያ ሞተር ዳገት ላይ ቢገለብጠኝና ከሥሩ ብውል፣ እንደ ሐምሌው ስድስት ሰዓት ጠብቄ ሰው ላገኝም ላላገኝም እችላለሁ። ወ/ሮ ብዙነሽም ሁልጊዜ በዚያ መንገድ አያልፉም።

7. ከዚህ ቀጥሎ የማመለክተው ለሥራው አግባብ ይኑረው አይኑረው እርግጠኛ አይደለሁም። ይሁንና መደቡ «አስፈላጊ አይደለም» ስለተባለ፣ የረዳቱ አለመኖር ምን እንዳደረገ መናገር ያለብኝ ይመስለኛል።

የዘር ሚዛን ላይ ሁለት ሰው ይቆማል። መዛኙ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ታዛቢው ያንኑ መልሶ ይልና ይጽፋል፤ ስሕተት እንዳይገባ የተሠራ ሥርዓት ነው። ከተስፋነህ ጋር አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርተናል። እኔ «አርባ ሁለት» ስል እሱ «አርባ ሁለት» ይላል። አንዳንድ ቀን ሆን ብሎ «አርባ ሦስት» ይልና ስቆጣ ይስቃል። እሱ ከሄደ በኋላ ስለ ታዛቢው ፊርማ በስልክ ስጠይቅ «ለጊዜው አንተው ፈርም» ተባልሁ። አምስት ዓመት በሁለቱም ቦታ እኔው ፈርሜያለሁ። ቁጥሩንም እኔው እጠራለሁ፣ እኔው እመልሳለሁ። ባለፈው ኅዳር ድንች ስመዝን «ሠላሳ ስምንት» ብዬ ጠርቼ መልሱን ልሰማ ቆምሁ። ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም። ያን ቀን ሥራውን በግማሽ አቋርጬ ተኛሁ፤ በመዝገቡ ላይ «ዝናብ» ብዬ ጽፌያለሁ። ዝናብ አልነበረም። ይህንንም በዚሁ አጋጣሚ አርማለሁ።

ስለ መዝገብ ካነሣሁ አይቀር፣ በ2009 ዓ.ም. በዕለታዊው የዝናብ መለኪያ መዝገብ የአስተያየት ዓምድ ውስጥ «ዛሬ ሰው አለፈ፤ እግዜር ይስጥልኝ አለኝ»፣ «ዛሬም የለም»፣ «ሁለት መነኮሳት ወደ ጣራ ገዳም ሲሄዱ ውኃ ጠጡ» የሚሉ ከሥራው ጋር ያልተያያዙ ጽሑፎች በመገኘታቸው ከጽሕፈት ቤቱ የጽሑፍ ማሳሰቢያ ተሰጥቶኛል። ማሳሰቢያው ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓምዱን ባዶ እተወዋለሁ። ለምን እንደጻፍሁት ግን የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ አልመለስሁም፤ አሁን ልመልስ። በቀኑ ውስጥ የሆነው ነገር ያ ብቻ ስለነበረ ነው።

የታችኛው መንደር የጽዋ ማኅበርተኛም ነበርሁ። ጣቢያውን ጥሎ መሄድ ስለማይቻል ሦስት ወር በተከታታይ ቀረሁ፤ ተራዬ ደርሶም ማኅበሩን ቤቴ ላስተናግድ ብል ሁለት ሰዓት ተኩል ዳገት የሚወጣ ማኅበርተኛ አላገኘሁም። በክፉ አላወጡኝም። ጽዋው ቤቴ ሳይመጣ ለሚቀጥለው ሰው ተላለፈ፤ ከዚያ እንዲያው ተዉኝ፣ ተውኋቸው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ፤ እኔ ግን ብቻዬን የምበላው ሰስቼ አይደለም።

ተስፋነህ ያንኮራፋ ነበር። ወጥ ላይ ጨው ያበዛ ነበር። በሬዲዮው ጣቢያ ምርጫ ሁለት ሳምንት ተኳርፈናል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ በአንድ ምድጃ እየሞቅን «ጨው አቀብለኝ» እንኳ ሳንባባል። በዚያን ጊዜ ብቻዬን ብሆን ብዬ ተመኝቻለሁ። ሞኝ ነበርሁ።

8. መኪናዋ እንዳትመረጥ ከሚያግዱ ነገሮች አንዱ መንገዱ መሆኑን አቶ ንብረት በስብሰባው ላይ ገልጸው ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ከመጋዘኑ ወደ ታች ማሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ቋጥኝ በሁለት በኩል የሚያጠብበው ቦታ አለ። በገመድ ለክቼዋለሁ፤ አንድ ሜትር ከአርባ አምስት ነበር። የመኪናዋ ስፋት አንድ ሜትር ከስልሳ ነው። «ነበር» ያልሁት አሁን ስላልሆነ ነው። የካቲት 9 ቀን ወረቀቱን ካነበብሁበት ዕለት ማግስት ጀምሮ በየቀኑ ከሥራ ሰዓት ውጭ በዲጅኖና በመዶሻ ቋጥኙን ስፈልጠው ሰንብቻለሁ። ትናንት ስለካው አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት ደርሷል። ከሥሩም የወጣውን ድንጋይ ውኃ ለቦረቦረው ጉድጓድ መሙያ አድርጌዋለሁ። ባለሙያ ተልኮ እንዲያየው እለምናለሁ፤ ለሚመጣው ባለሙያ ምሳ ከእኔ ነው። መኪና የመንዳት ፈቃድ እንደሌለኝም አውቃለሁ፤ ደብረ ታቦር ወርጄ ለመማር ዝግጁ ነኝ፤ በዚያ ጊዜ ጣቢያውን የሚጠብቅልኝ ከተገኘ ማለቴ ነው። ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ይመለሳል።

9. ስለዚህ ከላይ በዘረዘርኋቸው ምክንያቶች፦

ሀ) ጥር 23 ቀን «ትንሹ ይበቃኛል» ብዬ የተናገርሁት ቃል በእርግጥ እኔ የተናገርሁት ቢሆንም፣ በባህላችን እንደተለመደው ለጨዋነት የተባለ እንጂ የጣቢያውን ፍላጎት የሚገልጽ እንዳልሆነ ተቆጥሮ በቃለ ጉባኤው ላይ እርማት እንዲደረግ፤

ለ) ሁለት ሰው የምትይዘው የእርሻ መኪና፣ ማለትም ምርጫ ለ፣ ለጅባራ ሜዳ እንድትሰጥ፤

ሐ) በተራ ቁጥር 4 የተያዘው የመደብ ስረዛ የውሳኔ ሐሳብ ለበላይ አካል ከመላኩ በፊት እንዲነሣ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

10. የፕሮጀክቱ የምርጫ ጊዜ አልፎ ከሆነና ከሞተሩ በቀር የሚሰጥ ከሌለ፣ ሞተሩ ለሌላ ጣቢያ ይሰጥ። የላይኞቹ ጣቢያዎች ሜዳማ ናቸው፤ ይጠቅማቸዋል። እኔ ዘሩን እስከ ዛሬ በበቅሎና በጀርባዬ አውርጃለሁ፤ ጉልበቴ እስከፈቀደ አሁንም አወርዳለሁ። ይህን የምለው ለይሉኝታ አይደለም፤ «በሞቴ» እንድትሉኝም አልጠብቅም። በሃምሳ አራት ዓመቴ አንድ ጊዜ የምፈልገውን በቀጥታ ልናገር፦ መኪናም ሞተርም ይቅር፤ ሰው ይመደብልኝ።

ወንድም ይሁን ሴት፣ ወጣትም ይሁን ለጡረታ የቀረበ፣ ከዚህ አገርም ይሁን ከሌላ ክልል የመጣ፣ ግድ የለኝም። ሥራውን ባያውቅ አሳየዋለሁ። ቦታው ብርዳም ስለሆነ ሠራተኛ እንደሚሸሸው፣ በዚህም ምክንያት ጽሕፈት ቤቱ ተቸግሮ እንደቆየ አልዘነጋሁም። ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል እስከ ዛሬ የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ለሚመጣው ሰው እለቅቀዋለሁ፤ ግድግዳውንም ጭቃ መርጌ ጨርሻለሁ። መንገዱን ለብቻው አይቶ ከመንገድ እንዳይመለስ፣ የሚመጣበት ቀን ብቻ አስቀድሞ ይነገረኝ። አስፋልቱ ድረስ ወርጄ ዕቃውን ተሸክሜ አብሬው እወጣለሁ።

መልሱን በተስፋ ከሚጠብቅ ሠራተኛችሁ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ቢያድግልኝ ሙላቴ
(ፊርማ)
የጅባራ ሜዳ ዘር ማባዣ ጣቢያ ተጠሪ